ሶሌታው ሲወድቅ የት ነበራችሁ

ጥቅምት 6

ለውድ እታለም፣

ሰላምታዬ አንቺንም፣ ጋሼንም፣ ልጆቹንም ከነሙሉ ጤናችሁ ያግኛችሁ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ እንፋሎት፣ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ማጠፍ።

በስልክ ያልጠራሁሽ ንቄሽ አይደለም። ባለፈው ስንነጋገር መሐል ላይ ኳ ኳ የሚል ነገር ሰምቼ ልቤ ተጠራጠረ። ወረቀት ይዘገያል እንጂ አያሳብቅም ብዬ በመንገደኛ እጅ ሰድጄልሻለሁ።

የወንድሜን ነገር ሳትሰሚ አትቀሪም። ከጋዜጣው ቢሮ ነው ያወጡት። እኔ አንሶላ እያጠፍኩ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ይሄ ያንተ መሐንዲስ አይደለም እንዴ?» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዷል፤ ከፍ እንዳያደርገው እጁ ታስሯል። ያቺ መነጽር ናት ያስለቀሰችኝ።

ለምን እንደታሰረ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። አርብ አርብ የሚጽፈውን ታነቢያለሽ። የአዲሱ ሆስፒታል ግድግዳ ሳይመረቅ ተሰነጠቀ ብሎ፣ ምክትል ከንቲባውን ስም ጠርቶ በጻፈ በሳምንቱ ያዙት። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሠርቶ ስለወጣ ጉዳቸውን ያውቃል፤ ይቅር ያላሉት ያንን ነው።

እዚህ በስደት ያለነው ኮሚቴ አቋቁመናል። ፎቶውን አሳትመን አደባባይ እንወጣለን። አንቺን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው፤ ንጹሕ ልብስ አድርሽለት፣ ክሱ ምን እንደሆነም ጠይቀሽ ጻፊልኝ። እናታችን ካለፈች ወዲህ እዚያ ካንቺ ከአክስቴ ልጅ ሌላ ማን አለን?

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ በፈጣሪ ቸርነት ቆመን እንሄዳለን፤ ጋሼህም በክራንቹ እንደ ልማዱ ከኔ ቀድሞ ይነሳል። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ስፌት ተደራርቦብን ነው የዘገየሁት። እውነቱን ለመናገር ስፌቱ ብቻ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ።

ሄጄ አየሁት። ከጥበቃው በር እስከ መጠየቂያው ድረስ ተሰልፈን ነው የምንገባው። ያመጣሁለትን ሸሚዝ ፈታሹ እንደ ዱባ እያገላበጠ ኮሌታውን ሲጨምቀው «ጌታዬ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡ ክር እንጂ ሌላ የለም» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ። ወንድምህ ከወንፊት ሽቦው ማዶ ሆኖ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ከስቷል፤ ግን ጤነኛ ነው።

«ደህና ነው በይው። ይሄ ሁሉ የጻፍኩት ነገር ያመጣው ነው» አለኝ።

«ክሱስ ምንድን ነው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ግድግዳው ዞረ። «የገበያ አዳራሹን ነገር አንስተውብኛል» አለ።

ወንድሜ፣ ከዚያ በኋላ ያወራውን አልሰማሁትም።

አንተ ያኔ ወጥተህ ስለነበር ከሩቅ ነው የሰማኸው። ስለዚህ እኔ እንደማውቀው ልንገርህ። የገበያ አዳራሹ ሲሠራ ወንድምህ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ የአናጺዎቹ አለቃ። የላይኛው ሶሌታ፣ ያ የፎቁ ወለል፣ አርማታ ተሞልቶ ከሥሩ በእንጨት ድጋፍ ቆሞ ገና መድረቁ ነበር። ወንድምህ መጥቶ «ድጋፉን አንሱት፤ ቅዳሜ ምረቃ ነው» አለ። ባለቤቴ «ጌታዬ፣ ገና እርጥብ ነው፤ ትንሽ ይታገሥ» አለው። «አለቃው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አለው ወንድምህ። አነሱት። ሶሌታው ወረደ። ዘንግ የምንለው ያ ረጅሙ ልጅ፣ ቤታችን ሲመጣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባው፣ ከሥር ቀረ። የባለቤቴን አንድ እግር ሰባበረው፤ አንተም በፎቶ አይተኸዋል።

ወንድምህን ያኔ አንድም ሰው አልጠየቀውም። እኔ ፖሊስ ጣቢያ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ፍርድ ቤት ደጅ ስጠና ጫማዬ አለቀ። «መዝገቡ ተዘግቷል» ብለው አባረሩኝ። ያኔ የሹማምንቱ ወዳጅ ነበር፤ አብሯቸው ይበላ ነበር። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በሾፌሩ እጅ ብርቱካን ላከልን። እሱ ግን አልመጣም። የሥጋ ዘመድ ነውና ምን እላለሁ፤ ብርቱካኑን ለአልጋ ጎረቤቶቹ አደልኩት።

አሁን ከሹማምንቱ ተጣልቶ ሲጽፍባቸው ያ የተዘጋ መዝገብ ብድግ አለ። ስማኝ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። ስለምን ብዬ ላልቅስ? ፍርድ መጣ ብዬ ደስ ይበለኝ እንዳልል የመጣበትን መንገድ አየዋለሁ። ግፍ ተፈጸመበት ብዬ እንዳላዝን የባለቤቴ እግር ፊቴ ነው።

ሸሚዞቹን በየሳምንቱ አጥቤ አደርስለታለሁ። በዚህ አትስጋ።

እታለም


ኅዳር 20

ለውድ እታለም፣

ለሁላችሁም የማያልቅ ጤና እመኛለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት።

የጋሼን እግር ረስቼ አይደለም። ግን እንዲያው ረጋ ብለሽ አስቢው። ይህን ያህል ዓመት የት ነበሩ? ዘንግ ያኔ አልሞተም ኖሯል? ለዘንግ ቢያዝኑ ኖሮ ያኔ ያዝኑ ነበር። ክስ ሰበብ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ትል የሚሰቅለው ትሉን ወድዶ አይደለም። ዛሬ ወንድሜን በሶሌታ ካሰሩት ነገ የሚጽፈውን ሁሉ በአንድ ነገር ያስሩታል፤ ያላጠፋ ሰው የት አለ?

ጠበቃ ቀጥረንለታል፤ የኮሚቴው ሰዎችም እኔም አዋጥተናል። ጠበቃው እንደነገረኝ የዓቃቤ ሕጉ ዋና ምስክር እንዲሆን የሚፈልጉት ጋሼን ነው። እታለም፣ በወለዱን በእህትማማቾቹ እናቶቻችን ለምኜሻለሁ፤ አይመስክር። አሞኛል ይበል። ረሳሁት ይበል። እንዲዋሽ አይደለም የምለው፤ ዝም እንዲል ነው። በእውነቱ ሊነግዱበት ነው።

አደባባይ የወጣን ዕለት ዝናብ ነበር። የወንድሜን ፎቶ ይዤ ቆምኩ፤ ብዙ ሰው ቆሞ አየን።

መልስሽን ቶሎ።

ወንድምሽ


ጥር 11

ለወንድሜ፣

ቶሎ ብለህ ነበር፤ እኔ ግን የምጽፈው አጣሁ። ለዝምታዬ ይቅር በለኝ። ሁላችንም አለን።

ዓቃቤ ሕጓ መጣች። ወጣት ናት፤ የምትናገረው በለሆሳስ፣ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ የምትገባ። እኔ ክፉ ሰው ጠብቄ ስለነበር ተደናገርኩ። ከመኪና ያወረደችው አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር ነበር።

«ጋሼ፣ በርስዎ ላይ የተፈጸመው በደል ሳይጠየቅ መቅረቱ ያሳፍራል» አለችው።

ባለቤቴ ወንበሩን አየና «የኔ ልጅ፣ ለምን አሁን?» አላት።

«ጉዳይ አይሞትም፤ እኔ ይህን መዝገብ ከተረከብኩ ገና ነው።»

«ማን ሰጠሽ?»

ትንሽ አቀረቀረች። «አለቆቼ» አለች። «ግን ጋሼ፣ እኔ ፋይሉን ያነበብኩት ከልቤ ነው። የዘንግን እናት አግኝቻቸዋለሁ።»

የምትዋሽ አልመሰለኝም፤ ያ ነው የከፋው።

ወንበሩን መልሳ እንድትወስድ ነገራት፤ ወሰደችው። ከሄደች በኋላ ያንተን ልመና ነገርኩት። ከዚያ ሳቀና «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን በአንድ እግሬ ሁለት ዛፍ ላይ ካላወጣንህ አሉኝ» አለ።

ወንድምህ ይጽፍ የነበረውን አርብ አርብ ያነብልኝ የነበረው እሱ እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ እየሰፋሁ እሱ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። የሆስፒታሉን ግድግዳ ጽሑፍ ሲጨርስ «ልክ ነው፤ በዚያ ሲሚንቶ የተሠራ ቤት ውስጥ እኔ ውሻ አላስርም» ነበር ያለው። ስለዚህ «ይህን ሰው ትወደዋለህ ትጠላዋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ጽሑፉ እውነት ነው። እኔ ላይ የወደቀውም እውነት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ቤት ሲያድር እየደፈረሰ ሄደ» አለኝ።

ይመስክር አይመስክር አልወሰነም። እኔም መስክር አላልኩት፤ ተው አላልኩት። ሸሚዝ ሳደርስ ወንድምህን እንዳልጠይቀው ሽቦው ሥር ጆሮ በዝቷል። አንተ ግን በጠበቃው በኩል አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ ድጋፉን አንሱ ብሎ ሲያዝ እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር ወይ? ይህን ብቻ።

እታለም


ጥር 30

እታለም፣

ጤና ይስጥልኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በጠበቃ በኩል አይጠየቅም። ወንድሜ እስር ቤት ወለል ላይ እያደረ አንቺ ፈተና ታወጪለታለሽ? ዓቃቤ ሕጓ ጫማዋን ጠረገች ብለሽ ልብሽ ራራላት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ቀዳዳውን የምትከፍቱት እናንተ እንዳትሆኑ። ዘመድ ዘመድን አሳልፎ ሰጠ ከሚባል እኔ ብሞት እመርጣለሁ።

ወንድምሽ

ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽገው አንድ ሳምንት አብሮኝ ከረመ። ባለፈው ሰልፍ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ፎቶውን አይታ «ክሱ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ጋዜጣ ላይ ስለጻፈ ነው» አልኳት። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክስ ምን ይላል?» አለች። እኔም «ሌላ ነገር ነው» አልኩ። ሄደች። ከሄደች በኋላ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። ከላይ የጻፍኩትን አልቀድደውም፤ ተናድጄ የጻፍኩት ነው፤ ግን ያውቅ ነበር ወይ ያልሽውን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።


መጋቢት 17

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የተናደድክበትንም የተጸጸትክበትንም አንድ ላይ ስለላክልኝ አልተቀየምኩህም።

ባለቤቴ መሰከረ። ሲነጋ ተነስቶ «ሱሪዬን ተኩሺልኝ» አለኝ፤ በዚያ ነው መወሰኑን ያወቅኩት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንድ ወገን ያንተ ወንድም ወዳጆች፣ ጋዜጠኞች፣ ተማሪዎች። ሌላው ወገን ደግሞ አንድ ዓይነት ኮፍያ ያደረጉ፣ በአውቶቡስ የመጡ ሰዎች። እኛ የት እንደምንቀመጥ ጠፋን። የዘንግ እናት መሐል ላይ ብቻዋን አግዳሚ ይዛ አየኋትና እዚያ ተቀመጥን።

ዓቃቤ ሕጓ ጠየቀችው፤ ለአንተ የጻፍኩትን ነገራቸው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ኮፍያ ያደረጉት አጨበጨቡ፤ ዳኛው አስቆሟቸው። ከዚያ ባለቤቴ ሳይጠየቅ ቀጠለ።

«ክቡር ዳኛ፣ አልጨረስኩም። ድጋፉ ሊነሳ በዋዜማው ምክትል ከንቲባው ራሳቸው መጥተው ነበር። እዚያው አሸዋው ላይ ቆመው መሐንዲሱን ‹ቅዳሜ ካልደረሰ አንተም አትደርስም› ሲሉት እኔና ዘንግ ሰምተናል።»

ዳኛው «ምስክሩ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» አሉ።

«ይጠይቁኛ ታዲያ» አለ ባለቤቴ።

ዳኛው ወደ ዓቃቤ ሕጓ ዞሩ። ልጅቷ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «በዚህ ነጥብ ላይ ጥያቄ የለኝም» ብላ ተቀመጠች፤ ቀናም ብላ አላየችውም። ዳኛው ጸሐፊዋን «የመጨረሻውን አትመዝግቢ» አሏት።

እኔ አሁን የወንድምህ ጠበቃ ይነሳል፣ ይህችን ነገር ይዞ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሳ። የከንቲባውን ነገር ግን አልጠየቀም። የጠየቀው ይህን ነው።

«ድጋፉን ያነሳው እጅ የማን ነው?»

«የኔና የልጆቼ፤ የሠራተኞቼ» አለ ባለቤቴ።

«እርጥብ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ነግሬዋለሁ።»

«እያወቁ አነሱት። ስለዚህ ለሟቹ ሞት ተጠያቂ እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ ያንን ጥፋት በደንበኛዬ ላይ ለማላከክ ነው የመጡት።»

ወንድሜ፣ እኔ ይህን ጊዜ ያየሁት ባለቤቴን አይደለም፤ ያየሁት ወንድምህን ነው። ከተከሳሹ ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል፣ «ተው» የምትል አንዲት ቃል ይናገራል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። እኔ ባጠብኩለት ሸሚዝ። ሲጠርግ ቆየ።

የምክትል ከንቲባውን ስም ለምን ጠበቃው እንዳላነሳ በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ነገረኝ። ወንድምህ ትእዛዝ ከላይ መጣ ካለ፣ ድጋፉን አንሱ ብዬ አዝዣለሁ ማለቱ ነው፤ የሱና የጠበቃው ክርክር ደግሞ ጭራሽ አላዘዘም የሚል ነው። ገባህ? በአርብ ጽሑፉ ስማቸውን በድፍረት የሚጠራው ሰው፣ እዚህ ሲደርስ አፉ ተለጎመ።

ውጭ ስንወጣ አንዱ ወገን ባለቤቴን «የተገዛህ» አለው። ሌላው ወገን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «ጀግና» አለው። ሁለቱንም «ሶሌታው ሲወድቅ የት ነበራችሁ?» አላቸው። እንደ ስድብ አልነበረም። የምሩን ነው የጠየቃቸው። ያ የሰደበው ተማሪ ያኔ ሕፃን ሳይሆን አይቀርም፤ አፍሮ ዝም አለ።

ባለቤቴ አሁንም አርብ ሲመጣ ጋዜጣ ይገዛል፤ የወንድምህ ቦታ ባዶ ነው፤ አጥፎ ያስቀምጠዋል።

እታለም


ሚያዝያ 8

እታለም፣

ያን ጠበቃ የቀጠርኩት እኔ ነኝ። ለጋሼ እግሩ ሥር ወድቄ ሰላም እንዳልኩት ንገሪልኝ።

ባለፈው ሰልፍ ሄድኩ፤ አልቀረሁም። ፎቶውን ግን ሌላ ሰው ያዘው። ፎቶው ሥር፣ ፊርማ በምናሰባስብበት ወረቀት ላይም፣ «ንጹሕ ነው» ይላል። «ይፈታ» የሚለውን አሁንም እላለሁ፤ ያሰሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አውቃለሁና። «ንጹሕ ነው» የሚለውን ሲጮኹ እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ከኮሚቴው አንዱ «ጉሮሮህን አመመህ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ፍርዱን እንደሰማሽ ጻፊልኝ። ከሬዲዮ ሳይሆን ካንቺ መስማት እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ


ሰኔ 3

ለወንድሜ፣

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥህ። ከሬዲዮ ቀድሜ ልደርስልህ አልቻልኩም፤ ስምንት ዓመት ፈረዱበት። ምክትል ከንቲባው በዚያው ሳምንት ሌላ ሕንጻ መርቀዋል። ዓቃቤ ሕጓን ወደ ሌላ ከተማ አዛወሯት አሉ፤ አድገሽ ነው ይበሏት ወይስ ተቆጥተውባት ይሁን አላውቅም።

ፍርዱ የተነበበ ዕለት የዘንግን እናት የሁለቱ ወገን ሰዎች በሁለት በኩል ያዟት። አንዱ «ፍትሕ አገኘሁ ይበሉ» ብሎ መቅረጫ አፏ ድረስ አመጣ። ሌላው «ልጄን ለፖለቲካ ተጠቀሙበት ይበሉ» ይላታል። ሴትዮዋ አንዴ ይህን አንዴ ያን አየችና ወደ እኔ ዞራ «የልጄ ወገን የትኛው ነው?» አለችኝ። እኔ እጇን ይዤ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወሰድኳት። ምን ልበላት?

አሁን ግን የምጽፍልህ ሌላ ነው። ባለፈው እሑድ ሸሚዞቹን ሳዘጋጅ ባለቤቴ «ዛሬ እኔ ነኝ የማደርስለት» አለ። «ማን ያስገባሃል?» አልኩ። «ዘመድ ነኝ እላለኋ። የሚስቴ የአክስት ልጅ አይደለም?» አለኝ። ተከትዬው ሄድኩ፤ ያስገቡት ግን አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ውጭ ቀረሁ። ከበሩ ጥላ ሥር ቆሜ ምን ይባባሉ ይሆን እያልኩ የማላስበው የለም። ይሰዳደቡ ይሆን? ይላቀሱ ይሆን?

ሲወጣ ፊቱ እንደገባው ነው። የመጣንበት መንገድ ሲጋመስ ጠየቅኩት።

«ምን አለህ?»

«ከሽቦው ማዶ መጥቶ ተቀመጠ። ክራንቼን አየ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹እግርህን አሳየኝ› አለኝ።»

ቆምኩ። እሱም ክራንቹን ተደግፎ ቆመ።

«ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቤ አግዳሚው ላይ አወጣሁለት። በሽቦው መሐል አየው። ጠጋ ብሎ፣ ግንባሩ ሽቦውን እስኪነካ አየው። ጠባቂው ‹ምንድን ነው ይሄ?› ብሎ መጣ፤ አይቶ ተመለሰ።»

«ይቅርታ አለህ?»

«አላለኝም። ‹አውቅ ነበር› ነው ያለኝ። ‹እርጥብ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ይይዛል ብዬ ነው። ፈርቼ ነበር› አለኝ። ከዚያ ደወሉ ተደወለና ሰዓት አለቀ አሉን።»

ይኸው ጥያቄህም ጥያቄዬም ተመለሰ። ተመልሶ ግን እፎይ አላልኩም። አንተ ትልልኝ ይሆናል።

ማታ ራት በልተን ስናበቃ ባለቤቴ እንድጽፍልህ ያዘዘኝ ይህን ነው። ያ የኮሚቴያችሁ የፊርማ ወረቀት «ንጹሕ ነው» የሚለው ቢነሳለት፣ ምክትል ከንቲባውም ይጠየቁ የሚል ቢጨመርበት፣ ይፈታ በሚለው ሥር እሱም ይፈርማል። «በመሰከርክበት ሰው ላይ?» አልኩት። «የመሰከርኩት ስላደረገው ነው፤ ያሰሩት ግን በሱ አይደለም» አለኝ። ደግሞ መልሶ «ወይም እንጃ፤ ቢፈታስ በሶሌታው ማን ይጠይቀዋል?» አለ። መፈረሙ ልክ ይሁን አይሁን ሁለታችንም አናውቅም። ኮሚቴህ እሺ ካለ ወረቀቱን ላክ፤ እንቢ ካለም ንገረን።

የፊታችን እሑድ ደግሞ እንደሚሄድ ነግሮኛል። እንደ ዘመድ ይሄድ እንደ ባለ ደም እኔ አላውቅም፤ እሱንም አልጠየቅኩትም። ሸሚዞቹን ለይቼ አጣጥፌአለሁ፤ አሁን የሱን ሱሪ ልተኩስ ነው።

እታለም